ክርክር፦ መመሪያ የፓስወርድ ሃሽን በስም ጠርቶ ይዘዝ ወይስ ለባለሙያው ይተው?

አወያይ፦
የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየተመላለሰ ይነሳል። አዋጁ መረጃ የያዘ ተቋም ተገቢ የጥበቃ እርምጃ እንዲወስድ ያዛል እንጂ የአልጎሪዝም ስም አይጠራም። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለአዲስ አንባቢ፦ ፓስወርድ እንዳለ አይቀመጥም፤ ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት ይቀየራል፣ ውጤቱም ሃሽ ይባላል። አርጎን2 (አርጎን2አይዲ አንዱ ዓይነቱ ነው) እና ቢክሪፕት ሆን ተብለው የዘገዩ ስሌቶች ናቸው፤ ኤምዲ5 እና ሻ ፈጣን ናቸው። እንግዲህ ስለ ፓስወርድ አቀማመጥ ዝርዝር መመሪያ ይውጣ ቢባል፣ «አርጎን2አይዲ ተጠቀሙ» ብሎ በስም ይዘዝ ወይስ ምርጫውን ለአልሚው ይተው? ቁጥር ይዛችሁ ኑ። ከአዋጁ ቁጥር በቀር ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጻፉ፤ ባለፈው ተምታቶብን ነበር።

ቀይ ተርሚናል፦
በስም ይዘዝ። «ተገቢ እርምጃ» ብቻ ከተባለ አንዱ ተነስቶ ኤምዲ5 ይጠቀምና «ይኸው ሃሽ አድርጌያለሁ» ይላል። ልዩነቱ ደግሞ የሰማይና የምድር ነው። አንድ አርቲኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ በሃሽካት (የፓስወርድ መስበሪያ ፕሮግራም) ኤምዲ5ን በሰከንድ ወደ 164 ቢሊዮን ጊዜ፣ ሻ-256ን ወደ 22 ቢሊዮን ጊዜ ያሰላል። ቢክሪፕትን ግን በኮስት (የዝግመቱ ልክ) 5 ወደ 184 ሺህ ጊዜ ብቻ። ኮስት በአንድ በጨመረ ቁጥር ሥራው እጥፍ ስለሚሆን በኮስት 12 በሰከንድ ወደ 1,400 ግምት ይወርዳል። ስልክ ቁጥሩን ፓስወርድ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል፤ ከ09 በኋላ የሚቀረው 8 አኃዝ ማለት 100 ሚሊዮን አማራጭ ነው። ይህ ሁሉ በኤምዲ5 አንድ ሚሊሰከንድ አይሞላም። በቢክሪፕት 12 ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ወደ 20 ሰዓት ይፈጃል። በ2012 ከሊንክድኢን የወጡት 6.5 ሚሊዮን ሃሾች ሶልት (ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚጨመር የዘፈቀደ ጽሑፍ) የሌላቸው ሻ-1 ነበሩ፤ አንድን ግምት አንዴ አስልቶ ከሁሉም ጋር ማመሳከር ይቻል ነበር። ዛሬ ላይብረሪው ሶልቱን ራሱ ይፈጥራል፣ ራሱ ከሃሹ ጋር ያስቀምጣል። ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ እያለ ምርጫ የሚባለው ምንድን ነው?

ዋልያ ባይት፦
ስሌቱ ልክ ነው፤ ምሳሌው ግን መልሶ አንተኑ ይመታል። ስልክ ቁጥሩ እኮ እዚያው ረድፍ ላይ በሌላ ኮለም ተቀምጧል። ሌባው ምን ቆርጦት 100 ሚሊዮን ይሞክራል? መጀመሪያ የሚሞክረው የባለቤቱን ስልክ ነው፣ ቀጥሎ ስሙን ከ123 ጋር። እዚህ ላይ አርጎን2ም አያድንም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም የኒስት መመሪያ 800-63ቢ እንደሚጠይቀው፣ ተጠቃሚው ሲመዘገብ ፓስወርዱ ከተጠቃሚ ስምና ከታወቁ የተሰረቁ ዝርዝሮች ጋር ይመሳከር፤ ከገጠመ አይቀበል። ይህ መስመር መመሪያው ውስጥ ከሌለ የአልጎሪዝሙ ስም ጌጥ ነው።

ጣና ኮድ፦
እኔ ደግሞ ከሰርቨሩ በኩል ልምጣ። ትንንሽ ድርጅቶች የሚከራዩት ሼርድ ሆስቲንግ (ከሌሎች ጋር የሚጋሩት ሰርቨር) ነው። ፒኤችፒ (የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ) ላይ አርጎን2 የሚሠራው ፒኤችፒው ሲገነባ ከአርጎን2 ጋር ተደርጎ ከሆነ ብቻ ነው፤ ተከራዩ ያንን መቀየር አይችልም። ቢክሪፕት ግን ከ5.5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2013 ወዲህ፣ አብሮ ይመጣል። ከ8.4 ጀምሮ ደግሞ መነሻ ኮስቱ ከ10 ወደ 12 ከፍ ብሏል። በስም ታዝዞ የሌለ ነገር ሲፈለግ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፦ አንዱ ከኢንተርኔት የለቀመውን የአርጎን2 ኮድ ራሱ ገልብጦ ይለጥፋል። እሱ ከቢክሪፕት የባሰ ነው።

ሁለተኛው ሜሞሪ ነው። በፒኤችፒ የአርጎን2 መነሻ ልክ ለአንድ ሎግኢን 64 ሜጋባይት ነው። የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ በሚከፈትበት ጠዋት 100 ተማሪ በአንድ ቅጽበት «ግባ» ሲጫን 6.4 ጊጋባይት ይፈልጋል። 2 ጊጋ ራም ያለው ሰርቨር ወዲያው ይወድቃል። ሲወድቅ ደግሞ ሰዉ ደግሞ ደጋግሞ ይጫናል።

ቀይ ተርሚናል፦
64 ሜጋ ማን አስገደደህ? የኦዋስፕ (የድረ ገጽ ደኅንነት ድርጅት) ምክር 19 ሜጋባይት፣ 2 ዙር (ድግግሞሽ)፣ 1 ትይዩ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ነው። እሱም ከበዛ 12 ሜጋ በ3 ዙር፣ 9 ሜጋ በ4፣ 7 ሜጋ በ5 አለልህ። ሜሞሪውን ስትቀንስ ዙሩን ትጨምራለህ። በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ የሚሠራውን ሃሽ በቁጥር ገድበህ ሌላው ወረፋ ይጠብቅ፤ 20 ሃሽ በ19 ሜጋ 380 ሜጋባይት ነው። ቢክሪፕት የሚይዘው 4 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ለዚሁ ሥራ በተሠራ ሃርድዌር ላይ ብዙውን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቀላል። አርጎን2 በ2015 የፓስወርድ ሃሽ ውድድሩን ያሸነፈው ሜሞሪ ስለሚያስበላ ነው፤ በ2021 አርኤፍሲ 9106 የተባለ የኢንተርኔት ሰነድ ሆኖ ወጥቷል። ቢክሪፕት የ1999 ሥራ ነው።

ሰባተኛው ሰርቨር፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት አንድ ነገር አለ፤ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ዋናው እሱ ነው። ቢክሪፕት የሚያየው የመጀመሪያውን 72 ባይት ብቻ ነው። በላቲን 72 ፊደል ሰፊ ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት መለወጫ ስልት) ግን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ገደቡ 24 ፊደል ይሆናል ማለት ነው።

በተግባር እንየው። ተጠቃሚው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ጻፈ እንበል። የመጀመሪያው ተረት ከነክፍተቶቹ 42 ባይት ነው። መሐል ያለው ክፍተት ሲጨመር 43። ቀሪው 29 ባይት «ቀስ በቀስ እንቁላ» ላይ ያልቃል። «ል» ከነተከታዩ ሁሉ ተቆርጦ ቀረ። እንግዲህ «...እንቁላ» ብሎ ከዚያ ያሻውን ጽፎ የሚመጣ ሰው በሩ ይከፈትለታል። ተጠቃሚው መጨረሻ ላይ የጨመረው ቁጥርና ምልክትም ከንቱ ነው። የፓይተን ቢክሪፕት ከ5.0 ጀምሮ ከ72 ባይት በላይ ሲሰጠው ስህተት ይጥላል፤ ከዚያ በፊት ዝም ብሎ ይቆርጥ ነበር። የፒኤችፒው አሁንም ዝም ብሎ ይቆርጣል።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት እንዳይመስላችሁ። በ2024 የመግቢያ አገልግሎት ሰጪው ኦክታ ይፋ ያደረገው ችግር ከዚሁ የመጣ ነው፦ የተጠቃሚ መለያ፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ተገጣጥመው በቢክሪፕት ያልፉ ነበር። ስሙ 52 ፊደልና ከዚያ በላይ ሲሆን ፓስወርዱ ከ72 ውጭ ይቀራል። በተወሰኑ ሁኔታዎች ያለ ትክክለኛ ፓስወርድ መግባት ተቻለ።

ዋልያ ባይት፦
ባይቱ ገብቶኛል፣ ተረቱን ግን ማንም እንዳይወስድ። የታወቀ ተረት 100 ፊደል ቢሆንም በመዝገበ ቃላት ጥቃት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው።

ቀይ ተርሚናል፦
ሰባተኛው፣ አንተ እኮ የኔን ክርክር ነው የጻፍክልኝ። አርጎን2 የ72 ገደብ የለውም። በቃ።

ጣና ኮድ፦
ቆይ እንጂ። ቢክሪፕትም ቢሆን መፍትሔ አለው፤ ፓስወርዱን በቅድሚያ በኤችማክ-ሻ-256 (በምስጢር ቁልፍ በሚሠራ ሻ) አሳልፎ፣ ውጤቱን በቤዝ64 (በተራ ፊደልና አኃዝ) ጽፎ ለቢክሪፕት መስጠት ነው። 44 ፊደል ይሆናል፣ ይበቃል። ሁለት ወጥመድ ግን አለው። አንደኛ፣ ቤዝ64ን ዘሎ ጥሬውን ባይት የሚሰጥ አለ። ጥሬው ውስጥ ዜሮ ባይት ሊኖር ይችላል፤ ብዙ የሲ ኮዶች ዜሮ ሲያዩ «እዚህ አለቀ» ይላሉ። ከ256 ተጠቃሚ የአንዱ ሃሽ በዜሮ ይጀምራል፤ የዚያ ሰው ፓስወርድ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ያለ ቁልፍ ተራ ሻ-256 ወይም ኤምዲ5 ከተጠቀምክ፣ ከሌላ ቦታ የተሰረቁ ሶልት አልባ ሃሾችን ሌባው እንዳሉ ወስዶ በቢክሪፕትህ ላይ ይሞክራቸዋል። ከገጠመለት ውስጡን በፈጣኑ መንገድ ይሰብራል። ኤችማኩ የራሱ ምስጢር ቁልፍ ሲኖረው ይህ ይቀራል።

ሰባተኛው ሰርቨር፦
እግረ መንገዴን፦ ከሃሹ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን አንድ እናድርጋቸው የሚል ሐሳብ በየቦታው እሰማለሁ። ተጠቃሚው ሲሳሳት ይረዳዋል በሚል ነው። አታድርጉት። ዩኒኮድ ራሱ አንድ አያደርጋቸውም፤ ነገ ሌላ አልሚ መጥቶ ያንን ኮድ ቢያነሳው የተወሰነው ተጠቃሚ ከመለያው ውጭ ይቀራል። የተጻፈው እንደተጻፈ ይሂድ፤ ፓስወርዱን የሚያሳይ የዓይን ምልክት ብቻ አድርጉ።

የሕግ ብዕር፦
ከሕግ ረቂቅ አንጻር ልግባ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መመሪያ ውስጥ የተጻፈ የአልጎሪዝም ስም እንደዚያ ነው። ዛሬ «አርጎን2» የሚል መስመር ከገባ፣ የአሜሪካ መንግሥት የምስጠራ ደረጃ የሆነውን የፊፕስን ማረጋገጫ በውል የሚጠየቅ ባንክ አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል። በፊፕስ የጸደቀው ፒቢኬዲኤፍ2 የተባለው ሌላ ስልት ነው፣ አርጎን2 ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ኦዋስፕ ለእንዲህ ያለው ፒቢኬዲኤፍ2ን በኤችማክ-ሻ-256 600,000 ዙር ይመክራል። መመሪያው ይህን ባንክ ሕገወጥ ሊያደርገው ነው?

ደግሞስ ስሙ ተከብሮ ፍሬው ቢጠፋ? በ2015 አሽሊ ማዲሰን የተባለው ድረ ገጽ ሲዘረፍ ፓስወርዶቹ በቢክሪፕት ኮስት 12 ነበሩ። መመሪያውን ያሟላ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከጎኑ በሌላ ኮለም፣ ከተጠቃሚ ስምና ወደ ትንንሽ ፊደል ከተቀየረ ፓስወርድ በኤምዲ5 የተሠራ የመግቢያ ምልክት ለብዙዎቹ ተቀምጦ ነበር። ሰባሪዎቹ ቢክሪፕቱን ሳይነኩ በኤምዲ5 በኩል ገቡ፤ ከ11 ሚሊዮን በላይ ፓስወርድ በቀናት ውስጥ ወጣ።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ፦ መመሪያው ግዴታውን ይጻፍ፣ «ሆን ተብሎ የዘገየ፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ ሶልት ያለው፣ ከዚህ ውጭ ፓስወርዱ ወይም ከእሱ የተሠራ ነገር በየትም ቦታ የማይቀመጥ»። ስሞቹና ቁጥሮቹ በየዓመቱ በሚታደስ አባሪ ይሁኑ።

ቀይ ተርሚናል፦
በየዓመቱ የሚታደስ አባሪ ስትል ሳቄ መጣ። ግን እሺ፣ አባሪው ዝቅተኛ ቁጥር ካለው እቀበላለሁ። ቁጥር የሌለው አባሪ አልቀበልም።

ዋልያ ባይት፦
አባሪው ስለ ፒንም ይናገር ታዲያ። የሞባይል ገንዘብ ፒን 4 አኃዝ ከሆነ 10,000 አማራጭ ነው። ቀይ በሰጠን ፍጥነት፣ በቢክሪፕት 12 እና በአንድ ካርድ፣ 7 ሰከንድ። 6 አኃዝ ቢሆን 12 ደቂቃ። አርጎን2 ይህን አሥር እጥፍ ቢያዘገየው እንኳ ደቂቃዋ ወደ ሰዓት ትሄዳለች እንጂ ነገሩ አይለወጥም። ለፒን ሃሽ ብቻውን ጥበቃ አይደለም፤ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ ከዳታቤዙ ውጭ፣ ቢቻል በኤችኤስኤም (ለቁልፍ መጠበቂያ በተሠራ መሣሪያ) ውስጥ፣ የተቀመጠ ቁልፍ ነው፤ ዳታቤዙን ብቻ የሰረቀ ሰው ያለ ቁልፉ መገመት እንኳ አይችልም። ሌላው ከ3 ወይም 5 የተሳሳተ ሙከራ በኋላ መቆለፍ። ቁልፉን ግን የተጠቃሚ ረድፍ ላይ «ቁልፍ 1»፣ «ቁልፍ 2» እያላችሁ በተራ ቁጥር መዝግቡት፤ አለዚያ መቀየር ሲመጣ የቱ ሃሽ በየትኛው እንደተሠራ አይታወቅም። ቁልፉ ከጠፋ ሁሉም ፒን አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ቅጂው ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

ጣና ኮድ፦
ወደ ሽግግሩ እንምጣ፤ መመሪያ ወጥቶ ስድስት ወር ቢሰጥ ኤምዲ5 ላይ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ተጠቃሚዎቹ ተመልሰው እስኪገቡ መጠበቅ አያዋጣም፣ ግማሹ ከዓመት በፊት የጠፋ ነው። አካሄዱ፦ ያለውን ኤምዲ5 እንዳለ ወስዶ በቢክሪፕት መጠቅለል፣ ሁሉንም ረድፍ፣ በአንድ ሌሊት የጀርባ ሥራ። ኮስት 12 በአንድ ኮር ሩብ ሰከንድ ቢወስድ 100,000 ረድፍ ወደ 7 ሰዓት ነው። አንድ ኮለም ጨምሮ «የተጠቀለለ» ብሎ ምልክት ማድረግ። ሰውየው በሚቀጥለው ሲገባ ጥሬ ፓስወርዱ እጅህ ላይ አለ፤ ያኔ ያለ ኤምዲ5 አዲስ ሃሽ ሠርቶ ምልክቱን ማንሳት። ሃሹ የሚገባበትን ኮለም ደግሞ አስቀድማችሁ 255 አድርጉት። ቢክሪፕት 60 ፊደል ነው፣ አርጎን2 ወደ 97 ይደርሳል። 50 ላይ የተወሰነ ኮለም ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ጥብቅ ሁነታው ካልበራ ዝም ብሎ ይቆርጠዋል፤ በማግስቱ ማንም አይገባም፣ የተቆረጠውም አይመለስም።

የሕግ ብዕር፦
ጥሩ፤ ተቆጣጣሪው ይህ መፈጸሙን በምን ያረጋግጣል? ዳታቤዝ ክፈቱልኝ ሊል አይችልም።

ቀይ ተርሚናል፦
መክፈት አያስፈልግም። የቢክሪፕት ሃሽ የመጀመሪያ 7 ምልክቶች ዓይነቱንና ኮስቱን ይናገራሉ፤ የአርጎን2 መግቢያ ደግሞ ሜሞሪውን፣ ዙሩንና ትይዩውን። ረድፎቹን በዚያ መግቢያ ከፋፍሎ መቁጠር ነው። አንድ መጠይቅ፣ ሦስት አራት መስመር ውጤት፣ ማንም ሃሽ አላየም። ኮስት 8 የሆነ 40,000 ረድፍ ካለ እዚያው ይታያል።

ሰባተኛው ሰርቨር፦
የተጠቀለለው ኤምዲ5 በዚያ ቆጠራ ልክ እንደ ንጹሑ ቢክሪፕት ነው የሚታየው፤ የጣና ምልክት ያለበት ኮለም አብሮ ይቆጠር። ከሽግግሩ በፊት የተወሰዱት ባክአፖችስ? ባለፈው ወር የተቀዳው ፋይል ውስጥ ኤምዲ5ዎቹ ሁሉ እንዳሉ ናቸው። የሎግኢን ቅጹን ሙሉ በሙሉ ሎግ ላይ የሚጽፍ ሰርቨር ደግሞ ፓስወርዱን በጥሬው ያስቀምጣል። ቆጠራው ሁለቱንም አያይም።

የሕግ ብዕር፦
እንግዲያው አባሪው ላይ ይጨመር፦ ከሽግግሩ በፊት የተወሰደ ባክአፕ በ90 ቀን ውስጥ ይጥፋ ወይም የተጠቃሚ ሰንጠረዡ ተነጥሎ ይመስጠር። ቀኑ ላይ ተከራከሩ፣ 90 የኔ መነሻ ነው።

ጣና ኮድ፦
90 ለባንክ አይሆንም፣ ባክአፕ ለዓመታት እንዲይዝ የሚገደድ ነው። «ይመስጠር» የሚለውን አስቀድመው፣ «ይጥፋ» ለሌላው።