በሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን የኮምፒውተር መዝገብ ላይ የሚሠራ ጥናት፦ የጉበት ጥናት ነው ወይስ የዲጂታል ጤና?

ጥያቄ፦ የጤና ኢንፎርማቲክስ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። የጤና ኢንፎርማቲክስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርዕስ በሁለት ሙያዎች መካከል ስለወደቀብኝ ምክራችሁን ልጠይቅ መጥቻለሁ።

ላጠና ያሰብኩት በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ጉበትን ለሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ክትትል ያላቸውን ሰዎች መረጃ ነው። ሆስፒታሉ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሕሙማንን ካርድ በኮምፒውተር መያዝ ጀምሯል፤ የላቦራቶሪ ውጤትም እዚያው ይገባል። ሐሳቤ ዕድሜን፣ ኤ.ኤስ.ቲንና ኤ.ኤል.ቲን (ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ ከፍ የሚሉ ኢንዛይሞች) እና የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ሴል) ቁጥርን ከመዝገቡ አውጥቶ ኤፕሪ እና ፊብ-4 የሚባሉትን የጉበት ጠባሳ መለኪያዎች ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያሰላ፣ መድኃኒት መጀመር የሚገባው ሰው ሲያጋጥምም ለሐኪሙ ምልክት እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

ወደዚህ ሐሳብ ያመጣኝ በልምምድ ላይ ሳለሁ ያየሁት ነገር ነው። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ባደረገችው የጤና ምርመራ ቫይረሱ እንዳለባት የተነገራት አንዲት ወጣት ከሦስት ላቦራቶሪዎች የተሰጧትን ወረቀቶች በላስቲክ ጠቅልላ መጣች። ሐኪሙ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ስልኩን አውጥቶ ማስላት ጀመረ፤ አንዱን ቁጥር ተሳስቶ አስገብቶ እንደገና ጀመረ። ከበሩ ውጭ ወረፋው ረጅም ነበር። በሁለተኛው ቀጠሮዋ ግን አራቱም ቁጥሮች ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበሩ፤ ስሌቱ አሁንም በስልክ ተሠራ።

የውስጥ ደዌ አማካሪዬ «ይህ የሶፍትዌር ሥራ ነው፤ ስለ ጉበት የሚነግረን ነገር የለም» አሉኝ። የኢንፎርማቲክስ አማካሪዬ ደግሞ «ቀመሩ የታወቀ ነው፤ ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተሩ ከመረጃ ራሱ የሚማርበት ዘዴ) ካልጨመርክበት ጥናት አይሆንም» ይላሉ። ርዕሱን ልተወው ወይስ ላስተካክለው? መዝገቡስ ለዚህ ይበቃል?

መልስ 1፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ርዕሱን አይተዉት። አማካሪዎ ያሉትን ያሉት የጉበት ጥያቄው በፕሮፖዛልዎ ውስጥ ስላልተጻፈ ይመስለኛል፤ ጥያቄው ግን አለ፣ ትልቅም ነው።

ኤፕሪ በፈረንጆች 2003፣ ፊብ-4 በ2006 ሲወጡ የተሠሩት ለሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን ነበር፤ ፊብ-4 እንዲያውም ኤች.አይ.ቪ አብሮ ባለባቸው ላይ ነው የተሠራው። ወደ ሄፓታይተስ ቢ እና ወደ አፍሪካ የመጡት ዋጋቸው ርካሽ ስለሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 መመሪያው ሲሮሲስን (ጉበቱ በጠባሳ የተሸፈነበትን የመጨረሻ ደረጃ) ለመለየት ኤፕሪ ከ2 በላይ ይሁን ብሎ ነበር። በ2023 የታተመ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሃራ በታች ካሉ 8 አገሮች የ3,548 ሰዎችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት ግን ያ ወሰን ሲሮሲስ ካለባቸው ሰዎች 16.5 ከመቶውን ብቻ እንደሚይዝ አሳየ። ከ6 ሕሙማን 5ቱ «ደህና ነህ» ተብለው ይመለሳሉ ማለት ነው። ጥናቱ 0.65 የተሻለ ወሰን እንደሚሆን ሐሳብ አቀረበ፤ በ2024 የወጣው አዲሱ የድርጅቱ መመሪያ ደግሞ ሲሮሲስ ሳይደርስ ጉልህ የሆነ ጠባሳን ለመለየት መድኃኒት የሚያስጀምረውን ወሰን ወደ 0.5 አወረደው።

አሁን ወደ እርስዎ መዝገብ ይምጡ። በአሮጌው ወሰን መድኃኒት አያስፈልጋቸውም የተባሉ፣ በአዲሱ ግን የሚያስፈልጋቸው ሰዎች እዚያ ተቀምጠዋል። ስንት ናቸው? ከእነሱስ ስንቱ ዛሬም በክትትል ላይ ይገኛል? ይህንን ከጠየቁ አማካሪዎ የጉበት ጥናት አይደለም ሊሉ አይችሉም፤ ለመመለስም ከኮምፒውተሩ ውጭ መንገድ የለም።

በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በፈረንጆች 2015 የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ፕሮግራም 1,303 ሰዎችን መዝግቦ፣ 328ቱ ለሕክምና መስፈርቱን ማሟላታቸውን አግኝቶ፣ ለ254ቱ ቴኖፎቪር የተባለውን የቫይረስ መድኃኒት ማስጀመሩን እዚህ ላይ ማንሳት እወዳለሁ። ይህ ሥራ የተመሰገነው ውስብስብ ስሌት ስለያዘ አልነበረም። ሕሙማኑ በሥርዓት ተመዝግበው፣ በፋይብሮስካን (የጉበትን ጥንካሬ ከውጭ በሚለካ መሣሪያ) ታይተው፣ በቀጠሯቸው ስለተከታተሉ ነው። እርስዎም ሆስፒታሉ ውስጥ ፋይብሮስካን የተነሡ ሰዎች ካሉ ለይተው ያውጧቸው፤ ውጤትዎን የሚያመሳክሩበት እሱ ይሆናል።

ሁለት ነገር ላስጠንቅቅዎ። ፕሌትሌት የሚወርደው በጉበት ጠባሳ ብቻ አይደለም። ወባ ያወርደዋል፤ ቢልሃርዝያ ባለበት አካባቢ፣ ለምሳሌ በጣና ዙሪያ፣ ያበጠ ጣፊያ ያወርደዋል። ኤ.ኤስ.ቲም በመጠጥ ከፍ ይላል፤ ከሐረር በወጡ ጥናቶች ጫት ከጉበት ሕመም ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ሌላው፣ የ2024ቱ መመሪያ መድኃኒት የሚያስጀምረው በጠባሳ ብቻ አይደለም፤ ቫይራል ሎዱ (በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ከ2,000 በላይ ሆኖ ኤ.ኤል.ቲው ከፍ ያለበት ሰው፣ በቤተሰቡ የጉበት ካንሰር ያለበት ሰው፣ ኤች.አይ.ቪ ያለበት ሰው ኤፕሪው ዝቅ ቢልም ይጀምራል። ምልክት ሰጪው ፕሮግራም ኤፕሪን ብቻ ካየ ዝም ያለበት ሰው ሁሉ ደህና ይመስላል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

መልስ 2፦ የጤና መረጃ ባለሙያ

ከዶክተር ጋር እስማማለሁ። ማሽን ለርኒንጉን ለጊዜው ይተዉት፤ መዝገቡ ራሱ ከበቂ በላይ ሥራ አለው። በሥራዬ በየቀኑ የማየውን ልንገርዎ።

መጀመሪያ ዕድሜ። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ የልደት ዘመኑን የምትጽፈው ሕመምተኛው እንደ ነገራት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሶፍትዌሩ የሚያነበው በፈረንጆች ነው። በ1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆች 2024 መጀመሪያ ላይ 36 ዓመቱ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ 44 ይለዋል። ፊብ-4 ዕድሜን በኤ.ኤስ.ቲ አባዝቶ፣ ፕሌትሌት በኤ.ኤል.ቲ ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ለሚገኘው ያካፍላል። ኤ.ኤስ.ቲው 42፣ ኤ.ኤል.ቲው 49፣ ፕሌትሌቱ 160 ቢሆን፣ በትክክለኛው ዕድሜ ውጤቱ 1.35 ነው፤ በተሳሳተው 1.65። በመካከላቸው ከእሱ በታች ከባድ ጠባሳ የለም የሚባልበት የ1.45 ወሰን አለ። የሰውየው ጉበት ሳይለወጥ የሚመደብበት ቦታ ተለወጠ። ቀኖቹም እንዲሁ ናቸው፦ ጥቅምት 30 ቀን በቁጥር 30/02 ተብሎ ሲገባ ሲስተሙ አልቀበልም ይላል፣ ጳጉሜንን ጭራሽ አያውቃትም፤ ሠራተኛዋም ወረፋው እየጠበቃት የሚያሳልፍላትን ቀን ታስገባለች። በአንድ ቀን ላይ የተከመሩ ቀጠሮዎች ካዩ ከዚህ የመጡ መሆን አለመሆናቸውን ያጣሩ።

ቀጥሎ የላቦራቶሪው የላይኛ ወሰን። ኤፕሪ ኤ.ኤስ.ቲን የሚያካፍለው ላቦራቶሪው «የጤነኛ ሰው ጣሪያ» ብሎ ላስቀመጠው ቁጥር ነው። ኤ.ኤስ.ቲው 30፣ ፕሌትሌቱ 160 የሆነ ሰው ጣሪያው 40 በሆነ ላቦራቶሪ ኤፕሪው 0.47 ነው፤ ጣሪያው 35 በሆነው 0.54 ነው። በአንዱ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በሌላው መድኃኒት ይጀመርለታል። ማሽኑ ወይም ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያ ኬሚካሉ) የተለወጠበትን ቀን የላቦራቶሪ ኃላፊውን ጠይቀው ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም፣ በሰው አእምሮ ነው ያለው።

ስምም አለ። እኛ በአባት ስም ስለምንጠራ፣ ፀሐይ አንዴ በ«ጸ» አንዴ በ«ፀ»፣ በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ በሦስት በአራት ዓይነት ስለምትጻፍ፣ አንዲት ሴት ሁለት ካርድ ይዛ ሁለት ሰው ሆና ትቆጠራለች። ስምን ብቻ አይመኑ፤ የአባትን ስም፣ ጾታን፣ ወረዳንና ስልክን አብረው ያመሳክሩ፣ የተወሰኑትንም በዓይን ይዩ።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ ተማሪዎች የሚስቱትን አይሳቱ፦ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ 2 (ጤና ተቋማት ሪፖርት የሚልኩበት የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ በየወሩ የሚላከው ሪፖርት ድምር ነው፤ የአንድን ሰው ታሪክ ከእሱ አያገኙም።

መልስ 3፦ በክትትል ክሊኒክ የምሠራ ነርስ

ሁለታችሁም የተሞላውን ሣጥን አስረዳችሁ፤ እኔ ስለ ባዶው ልናገር። ፕሌትሌት ባዶ ሆኖ ሲያገኙት «አልተመረመረም» ብለው አይለፉት። ያን ሳምንት ሪኤጀንት አልቆ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ውጭ ተመርምሮ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ፣ ሐኪሙ ቁጥሩን በማስታወሻው መካከል ጽፎት ሊሆን ይችላል፤ ያን ኮምፒውተሩ አያነበውም። ወይም ገንዘብ አልነበረውም። ባዶ የሚበዛበት ደግሞ ድሃው፣ ከሩቅ ወረዳ የሚመጣው ነው፤ ስለዚህ የተሟላ መረጃ ያላቸውን ብቻ ከወሰዱ ከተማ የሚኖረውንና የሚከፍለውን ሰው ጉበት ነው የሚያጠኑት። ቢያንስ መቶ ካርድ በእጅዎ ከፍተው ከነማስታወሻው ያንብቡ።

«ከክትትል የጠፋ» የሚለውም አንድ ሰው አይደለም። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ወደ ባህል መድኃኒት የተወሰደ አለ፤ ጠበል የገባ አለ፤ አገር ለቆ የሄደ አለ፤ «ቫይረሱ ተኝቷል» የተባለውን «ድኛለሁ» ብሎ የተረዳ አለ። የሞተም አለ፤ ይህን የምንሰማው ቤተሰብ ሲነግረን ብቻ ነው።

ስለ ስልክ መልእክት ካሰቡ ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ቀጠሮ ያለፈበትን ሕመምተኛ ስደውል ወንድሙ አነሣ። «ከየት ነው?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ፤ ቤተሰቡ እንደማያውቅ ካርዱ ላይ ጽፌው ነበር። ቁጥሩ የሰውየው አልነበረም። መልእክቱ የበሽታውንም የክሊኒኩንም ስም አይጥራ፤ «ቀጠሮ አለዎት» ይበቃል።

ጠያቂው

ዶክተር፣ ሲስተር፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄዬን ዶክተር ባሉት መንገድ ቀይሬ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በመዝገቡ ጥራት ላይ ላደርገው ወስኛለሁ፤ ሁለቱንም አማካሪዎቼን በአንድ ስብሰባ ላገናኛቸው ነው። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሣኛል፦ ስሌቱን ስሠራ መድኃኒት መጀመር የነበረበት፣ ያልጀመረ ሰው ባገኝ ምን አደርጋለሁ? መረጃው የሚሰጠኝ ስም ተነሥቶ በኮድ ነው።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ይህንን አሁን፣ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ከማመልከትዎ በፊት ይጻፉት። ኮዱን ከካርድ ቁጥር ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር እርስዎ ዘንድ ሳይሆን ክሊኒኩ ውስጥ በኃላፊነት የሚይዘው ሰው ዘንድ ይቀመጥ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤና መረጃን በላፕቶፕ ይዞ መዞር የሚያስጠይቅ ነው። ወሰኑን ያለፉትን ኮዶች በየሳምንቱ ለዚያ ሰው ይስጡ፣ ተመርቀው እስኪጨርሱ አይጠብቁ። የሚደውለው ክሊኒኩ ነው፣ ሲስተር ባሉት አነጋገር። የመጣውም ሰው በአሮጌው ቁጥር መድኃኒት አይጀመርለትም፤ ኤ.ኤስ.ቲ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ደሙ እንደገና ይመረመራል። ለዚህ ምርመራ የሚከፍለው ማን እንደሆነ በበጀትዎ ላይ ያስገቡ፤ ሕመምተኛው ከፋይ ከሆነ ግማሾቹ አይመጡም።