የወባዋ ላንድሮቨር በሮች፦ ለነሐሴ 13 የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊው፦ ረቂቁ ይኸው። የድሮዋ የወባ መከላከያ መኪናችን ለደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 በራሷ ሞተር ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥታ ከተማውን ትዞራለች። ከኋላዋ ሣጥን ይዘን ለቤተ መጻሕፍቱ ገንዘብ እንሰበስባለን። ሞተሩ ተነሥቷል፣ ፍሬኑ ተሠርቷል። በሮቹ ግን ሁለቱም አልቆላቸዋል። ባሕር ዳር የላንድሮቨር 110 ሁለት በር ከነመስታወቱ በ60 ሺህ ብር ተገኝቷል። ሰውዬው የሚጠብቀን እስከ ዓርብ ነው። እንግዛ፣ እንቀባ፣ እንግጠም። የሚቃወም አሁን ይናገር፤ እንደ ልማዳችን በያለንበት ቦታ ወይም በሥራችን ስም።

ሜሪላንድ፦ እቃወማለሁ። የተገኘው የ110 በር መስታወት በእጅ እየተዘወረ ወደ ታች የሚወርድ ነው። የእኛዋ ሲሪስ 2ኤ ናት፣ ከ110 በፊት የነበረው ሞዴል፤ መስታወቷ ወደ ጎን ነው የሚንሸራተተው። ያንን በር ስትገጥሙባት ፊቷ የ1960ዎቹ፣ ጎኗ የ1980ዎቹ (በፈረንጆቹ) ይሆናል። የድሮ መኪና የሚያውቅ ሰው ፎቶዋን ሲያይ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። እኔ ገንዘብ ያወጣሁት በልጅነቴ ከኋላዋ የሮጥኩላትን መኪና ለማስነሣት ነው።

ጂዳ፦ ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲያወርደው መስታወቱ ወደ ጎን ሄደ ወደ ታች ምን ለውጥ አለው? በር ይኑራት። ሌላው ትርፍ ነው።

ባትላሜራ፣ ባሕር ዳር፦ በሩ ይገባል። 110 እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ የበሩን ክፍተት አልቀየሩትም፣ ማጠፊያውም እዚያው ቦታ ላይ ይታሰራል። የእኛ በር ሁለት ክፍል ነው፤ የላዩ ከታችኛው ጋር በብሎን ነው የሚያያዘው። የተገኘው ደግሞ አንድ ወጥ ነው፣ ስለዚህ ይከብዳል። ጎሚኒው መቀየር አለበት፣ ቁልፉ የሚነክስበት ብረትም መስተካከል አለበት። ቅዳሜ ደብረ ታቦር ከተማ መጥቼ ለካክቼ እነግራችኋለሁ። የእጅ አልጠይቅም።

ሜሪላንድ፦ መግባቱንማ መች ካድኩ። ጥያቄዬ መስታወቱ ነው።

መምህሯ፦ እዚህ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ ትናንት ግቢ ገብቼ በሩን በደንብ አየሁት። የታችኛውን ጫፍ በጣቴ ስነካው ነጭ ዱቄት ረገፈ። ላዩ አሉሚንየም ነው፣ የውስጥ ክፈፉ ብረት ነው፤ መሃላቸው ውሃ ሲገባ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ላሜራው ተነፍቶ ተሰንጥቋል። ለምን ውሃ እንደገባ ደግሞ ልንገራችሁ። የምትሟገቱለት ተንሸራታች መስታወት የሚሄድበት ቦይ ውስጥ ሱፍ አለ። ሱፉ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። አሁን አረንጓዴ ነገር በቅሎበታል፣ ከሥሩ ያለው ብረት በጥፍር ይቆፈራል።

ሜሪላንድ፦ ሱፉን መቀየር ይቻላል። እንግሊዝ አገር ሰዎች እየቀየሩ ይነዳሉ።

ጋሼ ሹፌሩ፦ እኔ ነኝ የነዳኋት፣ እኔን ስሙኝ። ቻይና መንገዱን ሳይሠራ፣ ዲዲቲ፣ የወባ ትንኝ መርዙን፣ ጭነን ወደ ፎገራ ስንወርድ ያ መስታወት በንቅንቅታው ብቻ ይከፈት ነበር። ጨርቅ ወትፈንበት ነው የሄድነው። የሚዘወረው ይሻላል። ስፖኪዮው ግን እንደ ድሮው ፓራፋንጎው ላይ ይሁን፤ በሩ ላይ ሲሆን አያምርም። ሌላ ደግሞ በሩን ብቻ አትዩ። ማጠፊያው የታሰረበት የፊት ግድግዳ አሉሚንየም አይደለም፣ ብረት ነው፣ እግሩ ከዛገ ቆይቷል። እሱ ሳይበየድ ከባድ በር ብትሰቅሉበት በሳምንቱ ይወርዳል።

ሜሪላንድ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ስፖኪዮው እንደ ድሮው ይሁን ካሉ መስታወቱስ ለምን እንደ ድሮው አይሆንም?

ጂዳ፦ ጋሼን እዚህ ላይ አትሟገት። መንገዱን በጭቃ የወጡት እሳቸው ናቸው። አንተ ፎቶ ነው የምታየው።

ሜሪላንድ፦ ፎቶ ነው የምታየው ማለት ምን ማለት ነው? ከሞተሩ ወጪ ግማሹን የከፈለው ማነው? ሐሳቤ የማይሰማ ከሆነ ገንዘቤ ይመለስልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ተመላሽ የሚባል ነገር የለም። ለሞተር የገባው ለሞተር ወጥቷል፣ ደረሰኙን ለሁላችሁም ልኬአለሁ። በካዝና ያለው 95 ሺህ ብር ነው። እሱም ሲገባ የቤተ መጻሕፍት ተብሎ ነው የገባው። ከእሱ ላይ ለበር 60 ሺህ ስናወጣ ማን ነው ፊርማውን የሚያኖረው? እኔ ብቻዬን አልፈርምም።

ጂዳ፦ ቆይ፣ ከመጽሐፍ ገንዘብ ላይ ነው እንዴ በር የሚገዛው? እኔ በዚህ ሙቀት ሠርቼ የምልከው ለመጽሐፍ ነው። ይሄንን ማንም አልነገረኝም።

ጸሐፊው፦ ነሐሴ 13 ከሚሰበሰበው ይተካል ተባብለን አልነበረም? ቃለ ጉባኤው ላይ አለ።

ኮምቦልቻ፦ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ለምንድነው 110 ላይ የተጣበቃችሁት? ከ2ኤ ቀጥሎ የወጣው ሲሪስ 3 በሩ ሁለት ክፍል ነው፣ መስታወቱም ተንሸራታች ነው፣ ከ2ኤ ጋር ያለ ብዙ ጣጣ ይቀያየራል። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ድረስ ተሠርቷል፣ አገራችንም ገብቷል። አዳማ አንድ ግቢ ውስጥ የተጣለ አይቻለሁ።

ሜሪላንድ፦ ይኸዋ! ፎቶ ላክልን፣ ዋጋውንም ጠይቅልን።

መምህሯ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ታችኛው ጠርዝ ይታይ። እሱም ያው አሉሚንየም በብረት ላይ ነው። የሌላ ሰው ዝገት እንዳንገዛ።

ጸሐፊው፦ ኮምቦልቻ፣ ፎቶውስ?

ጸሐፊው፦ ባትላሜራ፣ ቅዳሜ አልፏል። መጣህ ወይ?

መምህሯ፦ ማንም አልመጣም። ጠዋቱን ሙሉ ግቢውን ከፍቼ ጠብቄአለሁ። ጋሼ ያሉትን ግን እኔው መብራት ይዤ ከሥር አየሁት። የቀኙ እግር ላይ ካቻቢቴ ስገፋ አለፈ። የመኪና ብየዳ የሚሠራ የሰፈር ልጅ ለሁለቱ እግር 40 ሺህ ብሏል።

ጂዳ፦ እንግዲያው በር አልባ ትውጣ። ላንድሮቨር በሯን አውልቀው ይነዷት የለ?

ጋሼ ሹፌሩ፦ በበጋ አዎ። በነሐሴ ጭቃ ልጆች ጭነን በር አልባ? እኔ አልነዳም።

ሜሪላንድ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። ባለፈው ድምፄን ከፍ አድርጌ ከሆነ ጂዳ ይቅር ይበለኝ። በር አልባ ከምትወጣ ብትቆይ ይሻላል። እስከዚያው ዝናብ እንዳይመታት ጣሪያ ይሠራላት፣ የቆርቆሮውን ግማሽ እኔ እችላለሁ። የሲሪስ 3 በር እስኪገኝ እንጠብቅ።

ጂዳ፦ ምንም አይደል፣ ወንድሜ። ጣሪያውን እደግፋለሁ።

ጸሐፊው፦ እሺ፣ የተስተካከለው ረቂቅ፦ አንደኛ፣ ግቢው ውስጥ የቆርቆሮ ጣሪያ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የፊት ግድግዳው እግር በ40 ሺህ ይበየዳል። ሦስተኛ፣ መኪናዋ ነሐሴ 13 ጣሪያው ሥር ሆና ሞተሯ ተነሥቶ ሰው ያያታል፣ ከተማ አትዞርም። አራተኛ፣ በሩ በይደር። ስፖኪዮ ፓራፋንጎ ላይ።

መምህሯ፦ ሣጥኑስ? ቤተ መጻሕፍቱ ረቂቁ ላይ የለም። መደርደሪያ ያዘዝነው እኮ ለመስከረም ነው።

ጸሐፊው፦ ካዝናው ውስጥ የሚቀረውን አይተን እንጨምረዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ብየዳው 40፣ ከጣሪያው የእኛ ግማሽ ገና አልተተመነም። ባለ በሩ አሁን ደውሎልኛል። ነገ ዓርብ ነው፣ ሌላ ገዢ አለኝ እያለ ነው። አይ ልበለው ወይስ ቀብድ ልስጠው? ማታ ከ2 ሰዓት በፊት ሁለት ሰው ይመልስልኝ።