«ውሰደው» ሲባል ፓርሰሩ ማንን ይውሰድ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ፣ ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወተው ጌም እየሠራሁ ነው፤ ማድ የሚባለው ዓይነት። ኮማንዶቹ በአማርኛ ናቸው። «ሰይፉን ውሰድ» ጥሩ ይሠራል። ያስቸገረኝ «ውሰደው» ነው። እንግሊዝኛ ላይ ተውላጠ ስሙ ለብቻው ስለሚቆም ፓርሰሩ (የተጻፈውን ኮማንድ ተንትኖ የሚረዳው የጌሙ ክፍል) በቀላሉ ያገኘዋል፣ እኛ ጋ ግን ግሱ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። መቁረጡንስ ቆረጥኩት፣ ግን የቆረጥኩት «ው» ማን እንደሆነ በምን ልወቅ? መጨረሻ የተጠራውን ነገር አንድ ቦታ አስቀምጬ ነበር። ትናንት ከጓደኛዬ ጋር ስንሞክረው እኔ «ፋኖሱን እይ» አልኩ፣ እሱ ሌላ ክፍል ሆኖ «ዘንዶውን እይ» አለ። ከዚያ እኔ «አንሳው» ስል ጌሙ «ዘንዶው እዚህ የለም» አለኝ!

መልስ 1
መጨረሻ የተጠራውን ነገር የምታስቀምጥበትን ትዝታ ለጌሙ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስጠው። ለወንድ፣ ለሴትና ለብዙ የተለያየ ቦታ ይኑረው። ስም አታስቀምጥ፣ የኦብጀክቱን አይዲ (የዕቃውን መለያ ቁጥር) አስቀምጥ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ተኩላ ካለ ስሙ ምንም አይነግርህም። ዕቃው አሁንም እዚያው መኖሩን ደግሞ ኮማንዱ ሲፈጸም አጣራ፣ ምክንያቱም አንተ እስክትጽፍ ሌላ ሰው ወስዶት ሊሆን ይችላል። ኢንፎርም በሚባለው የጽሑፍ ጌም መሥሪያ ቋንቋ በተጻፉ ጌሞች ተውላጠ ስሞቹ አሁን ማንን እንደሚያመለክቱ የሚያሳይ ኮማንድ አለ። አንተም አንድ ሥራ፣ ስህተት ፍለጋው በጣም ይቀልልሃል።

መልስ 2
እኔ ብሆን «ው» ማን እንደሆነ መፈለጉን ጭራሽ እተወው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረው ላምዳሙ የሚባለው የጽሑፍ ዓለም እንኳ ፓርሰሩ በራሱ የሚያውቀው «እኔን» እና «እዚህን» ነው፣ ለሌላው ስሙን ትጽፋለህ። ሰው ይለምደዋል።

መልስ 3
በአማርኛ አይሆንም። «በሩን ክፈተው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፣ ስሙንም ጠርቶ ቅጥያውን ይጨምራል። ስለዚህ ብትፈልግም ባትፈልግም መቁረጥህ አይቀርም።

ስትቆርጥ ግን «ት»ን ተጠንቀቃት። «ውሰዳት» ሴት ናት፣ «ውሰዱት» ግን ወንድ ነው፤ የታዘዙት ናቸው ብዙ። ከ«ት» በፊት ያለውን ፊደል እይ፦ «ዳ» ከሆነ ሴት፣ «ዱ» ከሆነ ወንድ። «ቸው»ም ብዙ ብቻ አይደለም፣ ጌምህ ውስጥ ሽማግሌ ካለ ተጫዋቹ «ጠይቃቸው» ነው የሚለው። ዕቃ ላይ ደግሞ ጾታ አታጥብቅ፤ አንዱ «ሳጥኑን» ይላል፣ ሌላው «ሳጥኗን»፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ከሁሉም የሚከብደው «ስጠው» ነው። «ሰይፉን ስጠው» ካለ የጎደለው ተቀባዩ ነው። «ለዘበኛው ስጠው» ካለ የጎደለው ዕቃው ነው። የጎደለውን ከትዝታው ሙላ። «ስጠው» ብቻ ካለና ግልጽ ካልሆነልህ አትገምት፣ «ምኑን? ለማን?» ብለህ ጠይቀው።

መልስ 1
አንድ የረሳሁት። ክፍሉ ውስጥ «ሽፍታ ገባ» የሚል መልእክት ሲመጣ ትዝታውን እንዳትቀይረው። ተጫዋቹ ተኩላውን እየተዋጋ «ምታው» ብሎ እየጻፈ ሳለ ነጋዴ ቢገባ ዱላው ነጋዴው ላይ ያርፋል። ትዝታውን የሚቀይረው ተጫዋቹ ራሱ በስም የጠራው ነገር ብቻ ይሁን።

ጠያቂው
በጣም አመሰግናለሁ! «ውሰዱት»ን እስከ ዛሬ ሴት አድርጌው ነበር የኖርኩት፣ አሁን አስተካከልኩት። ፋኖሱም ተነሳ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ኮማንዱ ካልተሳካ፣ ለምሳሌ «ድንጋዩን አንሳ» ብሎ ከከበደው፣ ድንጋዩ ትዝታው ውስጥ ይግባ?

መልስ 3
ይግባ እንጂ። ቀጥሎ የሚጽፈው «ግፋው» ነው።