ጥቆማ፦ ለክፍል ውስጥ የዲኤንኤ ሙከራ የትኛው አልኮል፣ የትኛው ሳሙና፣ የትኛው ፍራፍሬ?

ዲኤንኤን ከፍራፍሬ አውጥተው ለተማሪዎቻቸው በዓይን ለማሳየት ላሰቡ የባዮሎጂ መምህራን ዋናው ምክሬ ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ለአልኮሉ እንዲያውሏት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከማእድ ቤት ይገኛል።

ዲኤንኤ በውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ተለይቶ ነጭ ክር ሆኖ በደንብ የሚወጣው የአልኮሉ፣ ማለትም የኤታኖሉ፣ መጠን በድብልቁ ውስጥ ወደ 65 ወይም 70 በመቶ ሲጠጋ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው ባለ 70 በመቶ አልኮል በፍራፍሬው ጭማቂ እጥፍ ቢጨመር እንኳ ድብልቁ 47 በመቶ ገደማ ላይ ስለሚቀር ክሩ ይሳሳል፤ ባለ 96 በመቶው ግን በዚያው ልክ ሲጨመር 64 ይደርሳል። አረቄ ጨርሶ አይበቃም፤ የእጅ ሳኒታይዘር ጄል ደግሞ ማወፈሪያ ስላለበት ተማሪውን ያሳስታል። ስለዚህ የላቦራቶሪ ኬሚካል ከሚሸጡ መደብሮች ባለ 96 በመቶ ኤታኖል መግዛት ይሻላል። ከዚያም በላይ ቆጣቢው፣ የሞባይል ጠጋኞች ቦርድ የሚያጸዱበት ባለ 99 በመቶ አይሶፕሮፓኖል (ሌላ የአልኮል ዓይነት) ነው፤ እርሱ ከጭማቂው ጋር እኩል ቢጨመር ይበቃል።

ከሳሙና ፈሳሹን የዕቃ ማጠቢያ እመርጣለሁ። የሕዋሱን የስብ ሽፋን የሚያፈርሰው እርሱ ሲሆን፣ ጨው ደግሞ የዲኤንኤውን አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ሸፍኖ ክሮቹ አልኮል ውስጥ እንዲሰባሰቡ ያደርጋል፤ ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሳሙናና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። ደረቅ ሳሙና በጨዋማ ውሃ ውስጥ ስለሚረጋ፣ ነጭ ፍርፋሪው ዲኤንኤ ይመስላል፤ የልብስ ዱቄት ሳሙናም አልካሊነቱ ስለሚበዛ ይቅር።

ሙዝ ርካሽና ለመፍጨት ቀላል ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ፔክቲንም (በፍራፍሬ ውስጥ የሚገኝ ማወፈሪያ) በአልኮል ስለሚረጋ የሚታየው ዝልግልግ ነገር ሁሉ ዲኤንኤ እንዳልሆነ ለተማሪዎች በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። አቅም ካለ እንጆሪ ይበልጣል፤ የሚታረሰው እንጆሪ በእያንዳንዱ ሕዋስ 8 የክሮሞሶም ስብስብ ይይዛል። ትኩስ የአናናስ ጭማቂ ጠብታ ማከልም ይጠቅማል፤ ብሮሜሊን የተባለው ኢንዛይሙ ከዲኤንኤ ጋር የተጣበቁትን ፕሮቲኖች ይቆራርጣል። የስዊዘርላንዱ ሳይንቲስት ፍሬድሪክ ሚሸርም እ.ኤ.አ. በ1869 በጀርመኗ ቱቢንገን ከተማ፣ መግል ከነካው ፋሻ ላይ ካገኛቸው ሕዋሳት «ኑክሊን» ያለውን (ዛሬ ዲኤንኤ የምንለውን) ሲለይ፣ ለዚሁ ሥራ ከአሳማ ጨጓራ ያወጣውን ፔፕሲን የተባለ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ተጠቅሟል። ሎሚ ግን አይጨመር፤ አሲድ ዲኤንኤን ይጎዳል።

የተፈጨው ፍሬ ከሳሙናና ከጨው ውሃው ጋር ተደባልቆ 60 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ተጠልሎ ይቀዝቅዝ። ከፍሪጅ የወጣው አልኮል፣ ዘንበል በተደረገው ብርጭቆ ጎን ቀስ ተብሎ ይንቆርቆር፤ ክሩ የሚታየው ሁለቱ ፈሳሾች በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በአካባቢው እሳት መኖር የለበትም። በዚህ መንገድ የወጣው ለማሳያ እንጂ ለፒሲአር (ዲኤንኤን በላቦራቶሪ የማባዣ ዘዴ) የሚመጥን ንጽሕና የለውም፤ ለዚያ የሚሆነው በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ያለው የሲሊካ ኮለን ኪት (የዲኤንኤ ማጣሪያ ዕቃ) ነው።