የኢራስመስ ሴሚስተር ክሬዲት አገር ቤት እንዴት ይያዛል?

የቂሊንጦ ኤሌክትሪካል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ቂሊንጦ ነው፣ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ሁለተኛውን ሴሚስተር በኢራስመስ ፕላስ (የአውሮፓ ኅብረት የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም) ጣሊያን እማራለሁ። የመረጥኳቸው አምስት ኮርሶች እያንዳንዳቸው 6 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ) ናቸው። እዚህ ከሚያመልጡኝ ውስጥ አራቱ ባለ 3 ክሬዲት ሰዓት፣ አንዱ ላብ (ላቦራቶሪ) ያለው ባለ 4 ነው። ስመለስ እንዳልደግማቸው ምን ላስፈርም? ግሬዱስ እንዴት ይለወጣል?

ሰነድ አዋቂ፦
ወንድሜ፣ ሥራው ያለው ከመሄድህ በፊት ነው። ለርኒንግ አግሪመንቱ (አንተና ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የምትፈርሙት የትምህርት ስምምነት) ላይ ሠንጠረዥ ኤ እዚያ የምትማረውን፣ ሠንጠረዥ ቢ እዚህ የሚተካልህን ይይዛል። ብዙ ተማሪ ኤን ተጠንቅቆ ይሞላና ቢን «ኢሌክቲቭ» (የምርጫ ኮርስ) ብሎ ያልፈዋል። እንደዚያ ከሆነ ስትመለስ ክሬዲቱ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም። የእያንዳንዱን ኮርስ ኮድ፣ ስምና ክሬዲት ጻፍ።

እዚህ ባለ 3 ክሬዲት ሰዓት ኮርስ በአብዛኛው 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ስለሚያዝ 6ቱ ይበቃዋል። የምትተርፈዋ 1 ግን ለሌላ ኮርስ አትሞላም። ባለ 4ቱ ወደ 7 ስለሚጠጋ 6 ያንሰዋል፤ የጣሊያኑ ላብ ከሌለው ደግሞ ጭራሽ አይተካውም። ይሄን አንዱን ከቢ አውጥተህ እዚህ ብትወስደው ይሻላል። ለቀጣዩ ሴሚስተር ኮርስ ቅድመ ሁኔታ መሆን አለመሆኑን ግን አስቀድመህ እይ፤ ከሆነ አንድ ዓመት ሊያስቆይህ ይችላል።

ከዲፓርትመንት ኃላፊው ፊርማ በተጨማሪ የአካዳሚክ ኮሚሽኑን ቃለ ጉባኤ ጠይቅ፣ አንድ ቅጂ ሬጅስትራር ፋይልህ ውስጥ ይግባ። ኃላፊ ይቀየራል፣ ቃለ ጉባኤ ግን ይቆያል። ለሴሚስተሩ የፈቃድ ደብዳቤም ያዝ፤ ያለ እሱ ሲስተሙ ላይ «ያቋረጠ» ተብለህ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ስትጠይቅ ትከርማለህ።

ከሬጅስትራር መስኮት፦
ስለ ግሬዱ ልጨምር። ጣሊያን ከ30 ነው የሚሰጡት፣ ማለፊያው 18። ዝም ብሎ ወደ መቶ ከተቀየረ 18 ስልሳ ይሆናል፣ እዚያ ግን ለጥቂት ማለፍ ነው። ፈረንሳይ የሚሄድ ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳል፤ ከ20 14 ማምጣት እዚያ በጣም ጥሩ ነው፣ በመቶ ግን ሰባ ብቻ። ስለዚህ የግሬድ ስርጭት ሠንጠረዥ (ስንት ተማሪ የትኛውን ውጤት እንዳገኘ የሚያሳይ) ከትራንስክሪፕቱ ጋር እንዲያያዝልህ ጠይቅ። ክሬዲቱ ብቻ ነው የሚያዘው ወይስ ግሬዱም ሲጂፒኤ (አጠቃላይ አማካይ ውጤት) ውስጥ ይገባል የሚለውም ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።

የትራንስክሪፕቱ ስቱደንት ኮፒ አይበቃም፤ የታሸገና ማኅተም ያለው፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለሬጅስትራር የሚላክ ይሁን። ስምህንም ተመልከት፦ እዚያ የአያት ስም «ሰርኔም» ተብሎ ይቀድምና የአባት ስም ሊዘለል ይችላል። እዚህ ካለው ፋይል ጋር ካልገጠመ ማረሚያ ደብዳቤ ከውጭ ማስመጣት ነው። የልደት ቀንህንም በአንድ አቆጣጠር አስመዝግብ።

የቂሊንጦ ኤሌክትሪካል፦
እግዜር ይስጥልኝ። እዚያ ደርሼ ኮርሱ ባይከፈትስ?

ሰነድ አዋቂ፦
ያጋጥማል። የለውጥ ቅጹን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሞልተህ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎችና አንተ ትፈርማላችሁ፣ በኢሜይል ይሆናል። አዲሱ ኮርስ እዚህ ምን እንደሚተካ ግን ሠንጠረዥ ቢም አብሮ ይታረም፤ ይሄን ነው ተማሪው የሚረሳው። የምዕራፍ ዝርዝርና ሰዓት ያለው ሙሉ ኮርስ አውትላይን በእንግሊዝኛ ከመምህሩ ተቀበል፤ ድረ ገጽ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ አጭር ነው።

መምህር ከአቃቂ፦
አንድ የተዘለለ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የመውጫ ፈተና የሚወጣው ከአገር ቤቱ ካሪኩለም ነው። ሁለቱን አውትላይን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ጣሊያን ያልተነኩትን ምዕራፎች አስምርባቸውና አሁኑኑ ከክፍል ጓደኞችህ ኖት ያዝ። የጣሊያን የመጨረሻ ፈተናህም ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ከወደቅህ ቀጣዩ ዕድል መስከረም አካባቢ ስለሚሆን የአውሮፕላን ትኬትህን ቀኑ የሚቀየር አድርገው። ትራንስክሪፕቱ ውጤት ከተለጠፈ በኋላ እስከ አምስት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ የምዝገባ ቀን ከመድረሱ በፊት ለዲፓርትመንቱ «ውጤት በመንገድ ላይ ነው» የሚል ደብዳቤ ከዚያኛው አስተባባሪ አስልክ።