ሞንስን ስፈልግ «ቤርገን» የሚል ሰሌዳ ገጠመኝ፤ እናንተ እንዴት ለመዳችሁት?

ሹፌሩ ከአንደርሌክት፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ቤልጂየም ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ በትንሽ የጭነት መኪና የቤት ዕቃ አደርሳለሁ። ባለፈው ማክሰኞ አሥራ አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጭኜ ወደ ሞንስ ከተማ ተላክኩ። ብራስልስ ውስጥ ሰሌዳው «ሞንስ» እና «ቤርገን» የሚሉትን ስሞች አንድ ላይ ይዟል፤ እኔ ግን አድራሻው ላይ ያለውን ሞንስን ብቻ በልቤ ይዤ ወጣሁ። ከተማውን እንደ ለቀቅኩ ሞንስ የሚባል ስም ከሰሌዳው ጠፋ። ሃለ ከተማ አጠገብ መንገዱ ለሁለት ሲከፈል በአንድ በኩል «ቤርገን»፣ በሌላው በኩል «ዶርኒክ» እና «ራይሰል» ይላል። የስልኬ ባትሪ አልቋል፣ ከኋላዬ ተሳቢው ክላክስ ያስጮህብኛል። ቤርገን የኖርዌይ ከተማ መስላኝ የዶርኒክን ያዝኩ። ዶርኒክ ቱርኔ፣ ራይሰል ደግሞ የፈረንሳይዋ ሊል መሆናቸውን ያወቅኩት ነዳጅ ማደያ ቆሜ ስጠይቅ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ዘገየሁ፤ እሱም ከደመወዜ ተቆረጠ።

ያንገበገበኝ ገንዘቡ አይደለም። ሰሌዳ የሚተከለው መንገዱን ለማያውቅ ሰው ነው፤ የሚያውቀውማ ሰሌዳ ምን ያደርግለታል? ሁለት ቋንቋ ያለው አገር ሁለቱንም ስም በየቦታው ለምን አይጽፍም?

ነባር ነዋሪ፣ ሌቨን፦
ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ደረስክ። ቋንቋዎቹ እንኳ ሦስት ናቸው፤ በምሥራቅ በኩል ጀርመንኛም አለ። የቋንቋ ወሰኑ በሕግ የተሠመረው በ1962 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በ1963 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ሰሜኑ ክልል ፍላንደርስ በደች፣ ደቡቡ ዋሎኒያ በፈረንሳይኛ ይጽፋል፤ ብራስልስ በሁለቱም። አንተ ከብራስልስ ወጥተህ ሞንስ እስክትደርስ የፍላንደርስን መሬት ስለምታቋርጥ ነው ስሙ የጠፋብህ። እኔ ከሌቨን በኢ 40 አውራ ጎዳና ወደ ሊዬዥ ስነዳ መንገዱ ወሰኑን ይመላለስበታል፤ ከተማዋም አንዴ «ሉይክ» አንዴ «ሊዬዥ» ትሆናለች። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ የመንገዱን ቁጥር ያዝ። ያንተ ኢ 19 ነበር፤ ቁጥር አይተረጎምም። ደግሞ ሞንስም ቤርገንም ትርጉማቸው ተራራ ነው፤ ይህን ካወቅክ ዳግመኛ አትረሳውም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ዋቭር፦
በባቡርም ያው ነው። ልጄን ዩኒቨርሲቲ ላስመዘግብ የወጣሁ ቀን፣ ሰው ሁሉ «ሉቨን» ስላለኝ፣ የሌቨን የፈረንሳይኛ ስሟ ነውና፣ ሌቨን ወርጄ የምጠይቀውን ሕንፃ የሚያውቅ አጣሁ። ለካ በ1968 በቋንቋ ጠብ ዩኒቨርሲቲው ለሁለት ተከፍሎ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ክፍል በባዶ እርሻ ላይ ሉቨን ላ ኔቭ የምትባል አዲስ ከተማ ሠርቷል። እኛ ግማሽ ቀን አቃጥለን ተመለስን፤ ይህ ቀላሉ ነው። እዚሁ አጠገባችን ፔክሮ ላይ በፈረንጆቹ መጋቢት 2001 ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ስምንት ሰዎች ሞቱ። ባቡሩ በተሳሳተ ሐዲድ መውጣቱን ያየው የዋቭር ሠራተኛ ለሌቨኑ ስልክ ደውሎ ነበር፤ አንዱ ፈረንሳይኛ፣ ሌላው ደች ሆነው ሳይግባቡ ቀሩ። በዚያ ሐዲድ ባለፍኩ ቁጥር ያ ስልክ ትዝ ይለኛል።

የቢሾፍቱ ልጅ፣ ጌንት፦
ሹፌሩ ወንድሜ፣ ብስጭትህ ይገባኛል፤ ግን ፍላንደርሶችን አትፍረድባቸው። ፍርድ ቤቱም ቢሮውም ለረጅም ዘመን በፈረንሳይኛ ነበር፤ የሕገ መንግሥቱ የደች ቅጂ እንኳ እኩል ሕጋዊነት ያገኘው በ1967 ነው። ይህን ያሳለፈ ሕዝብ የከተማውን ስም በራሱ ቋንቋ ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔ ባደግኩበት ቤት እናቴ ደብረ ዘይት፣ አባቴ ቢሾፍቱ ይሉ ነበር፤ የሚኒባሱ ረዳት ግን «ደብረ ዘይት፣ ቢሾፍቱ!» እያለ ሁለቱንም ይጣራል፣ ማንም ሳይቀርበት ይሳፈራል። እኔም የምመኘው ይህንኑ ነው፤ የአካባቢው ስም በትልቁ፣ ሌላው ከሥሩ በትንሹ።

ሹፌሩ ከአንደርሌክት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የስልኩን ነገር ሳነብ የእኔ ሃምሳ ደቂቃ ኢምንት ሆነብኝ። የጌንቱ ወንድሜ፣ ስለ ፍላንደርሶቹ ያልከውን ተቀብያለሁ፤ ከሥር የሚጻፈውን ትንሽ ስም ግን አሁንም አጥብቄ እፈልጋለሁ። ሞንስም ቤርገንም ተራራ ከሆነ በግዕዙ «ደብር» መሆኑ ነው፤ አሁን አይጠፋኝም። ከማጠቢያ ማሽኑ ማሸጊያ ካርቶን ቆርጬ፣ ስሞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጌ በወፍራም እስክሪብቶ ጽፌ ከመሪው በላይ ለጥፌዋለሁ። ዓርብ ከቱርኔ ወደ ኮርትራይክ ጭነት አለኝ፤ በፈረንሳይኛ «ኩርትሬ» እንደምትባል አስቀድሜ ጠይቄ ጽፌያታለሁ። ሌላ የምታውቁት ጥንድ ስም ካለ ላኩልኝ፤ ካርቶኑ ላይ ገና ቦታ አለ።