ሻጋታችን ተጣለብን! ነገ 3 ሰዓት ለልጆቹ ምን ላሳይ?

ቲቸር ሜሪ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ዳቦና እንጀራ በላስቲክ አሽገን ሻጋታ ስናበቅል ነበር። ነጩም አረንጓዴውም ወጥቶ፣ ልጆቹ ስም ሁሉ አውጥተውለት ነበር። ዛሬ ክፍሉን የሚያጸዱት እናት አዩትና ሰብስበው ጣሉት። አልፈርድባቸውም፣ አልነገርኳቸውም። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ስለ ፈንገስ ነው የማስተምረው። በአንድ ሌሊት ምን ይደርስልኛል?

የጉለሌ ልጅ፦ የኔን ምሳ ዕቃ ልላክልሽ? ከዓርብ ጀምሮ አልተከፈተም 😂

ጋሽ ባዮሎጂ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ፈንገስ ተክል አይደለም። ተክል ምግቡን ከፀሐይ ይሠራል፤ ፈንገስ ግን የሌላውን አፍርሶ፣ አሟሙቶ ይመጥጣል። ዊታከር የተባለው ሳይንቲስት በ1969 እ.ኤ.አ. ለፈንገስ የራሱን ምድብ የሰጠው ለዚህ ነው። የሴሉ ግድግዳ ካይቲን የሚባል ጠንካራ ነገር አለው፤ የአንበጣ ቅርፊትም የሚሠራው ከሱ ነው። ፍሌሚንግ የተባለው ሳይንቲስትም በ1928 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊን የተባለውን መድኃኒት ከሻጋታ ያገኘው...

ቲቸር ሜሪ፦ ጋሼ አመሰግናለሁ፤ ግን የ7 ዓመት ልጆች ናቸው። በዓይን የሚታይ ነገር ነው የቸገረኝ።

የናቲ እናት፦ ፊኛ! ግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ውሰጂ። አንድ ማንኪያ የዳቦ እርሾ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ሲሶ ያህል ለብ ያለ ውሃ። አፉ ላይ ፊኛ አጥልቂበት። ትንሽ ቆይቶ መነፋት ይጀምራል። እርሾ ፈንገስ ነው፤ ስኳሩን በልቶ ጋዝ ይለቃል። ለልጅ «እርሾው ተነፈሰ» በይው፣ ይገባዋል።

ሳሚ ዘ ቦሌ፦ ይቅርታ፣ እኔ ግን ሴትየዋ ትክክል ናቸው ባይ ነኝ። ልጄ አስም አለበት። ሻጋታ ክፍል ውስጥ ማሳደግ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?

ቲቸር ሜሪ፦ ላስቲኩ ታሽጎ ነበር፤ አንድም ቀን አልተከፈተም።

ሳሚ ዘ ቦሌ፦ ልጅ የማይከፍተው ነገር አለ?

እትዬ ዘውዴ፦ ልጆቼ፣ ቤት ያለውን ትታችሁ ፊኛ ትፈልጋላችሁ? የጤፍ ሊጥ በብርጭቆ አድርጊ፣ ጥሩ እርሾ ጨምሪበት፣ የደረሰበትን በላስቲክ ቀለበት አስሪው። ጠዋት አረፋውን ያያሉ። ልጆቹ እንጀራን ያውቁታል፤ ዓይኑ ከየት እንደመጣ ንገሪያቸው።

ጋሽ ባዮሎጂ፦ እዚያ እርሾ ውስጥ ባክቴሪያም አለ፤ ሁሉም ፈንገስ አይደለም።

እትዬ ዘውዴ፦ ይኑራ! አብረው ነው የሚሠሩት።

ደብረ ዘይት 77፦ ፊኛ ሞክሪ። እርሾና ስኳር።

የናቲ እናት፦ ከላይ ብያለሁ እኮ 😅

እንጉዳይ አብቃይ፦ እኔ ኦይስተር እንጉዳይ አበቅላለሁ። ዛሬ ማታ ሱፐርማርኬት ከደረስሽ ትኩስ እንጉዳይ ግዢ። ባርኔጣው የተከፈተውን ምረጪ፤ የተዘጋው አይሠራም። እግሩን ቁረጪና ከሥሩ ያሉት፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ ነገሮች ወደ ታች ሆነው ወረቀት ላይ አስቀምጪው። ብርጭቆ ድፊበት፣ አሳድሪው። ጠዋት ስታነሺው ብናኙ ወረቀቱ ላይ ሥዕል ሠርቶ ታገኚዋለሽ። ኦይስተር ከሆነ ብናኙ ነጣ ያለ ስለሆነ ጥቁር ወረቀት ተጠቀሚ። ተራው የሱፐርማርኬት እንጉዳይ ከሆነ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ነጭ ወረቀት ይሁን። እያንዳንዱ ብናኝ ሌላ ፈንገስ ሊሆን የሚችል ዘር በይው። ግቢው ውስጥ የበሰበሰ ግንድ ካለ ደግሞ ገልብጪላቸው። ከሥሩ ነጭ ክር ታያለሽ። ዋናው አካል እሱ ነው፤ እንጉዳዩ ፍሬው ነው። ግንዱን አፈር የሚያደርገው ያ ክር ነው።

የጉለሌ ልጅ፦ የጅብ ጥላ ካገኙስ? ጅቡም አብሮ ይመጣል?

እንጉዳይ አብቃይ፦ ቀልዱን ተወውና፣ ከሜዳ የተለቀመ እንዳይቀምሱ! መርዛማውና የሚበላው ይመሳሰላሉ። አይተው እጃቸውን ይታጠቡ።

ቲቸር ሜሪ፦ እንጉዳዩን ገዝቼ ብርጭቆ ደፍቼበታለሁ። ሊጡም ተቀምጧል። ፊኛውን ጠዋት።

ቲቸር ሜሪ፦ 2፡20 ነው። ፊኛው ንቅንቅ አላለም!!! ውሃውን ከማንቆርቆሪያው ነው የቀዳሁት።

የናቲ እናት፦ የፈላ ነው? በቃ ገደልሻቸው። እርሾው ሞቷል። ለብ ባለ ውሃ፣ ጣትሽን በማያቃጥል፣ አሁኑኑ አዲስ ሥሪ። የሞተውንም አትድፊው፣ ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። «ይሄኛው ለምን ዝም አለ?» ብለሽ ጠይቂያቸው።

ደብረ ዘይት 77፦ ስኳር ጨምረሻል?

እትዬ ዘውዴ፦ ሜሪዬ፣ ሊጡስ ኩፍ አለ?

እትዬ ዘውዴ፦ ይኸው ሦስት ቀን ሆነ። ሜሪ?